አዋጅ ያልሰጠው፣ አዋጅ ያልወሰደው

ባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ፎቅ ያለው አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ለመሳለም ስንገባም ስንወጣም አብዛኞቻችን ቀና ብለን አናየውም። ያሠራው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ነው ይባላል። ልብ ይበሉ፤ ከ400 ዓመት በፊት ኢትዮጵያን ካቶሊክ ለማድረግ የመጣ ሰው ሠራው የሚባለው ሕንፃ ዛሬ የቆመው በኦርቶዶክስ ደብር ቅጥር ውስጥ ነው። ድንጋዩ ይኸው አለ። በነጋሪት የታወጀው ሃይማኖት ግን የቆየው አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ስለ እምነት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ክርክራችን “የማን ነው ትክክል?” የሚል ነው። እኔ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። የተማርኩት ንግድ ሥራ፣ እንጀራዬም ማርኬቲንግ ነው። ስለዚህ የሊቃውንቱን ጥያቄ ለሊቃውንቱ ትቼ ለእርስዎና ለቤትዎ ይቀርባል ያልኩትን ሌላ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። እምነትዎ የተደገፈው በምን ላይ ነው? ያ የተደገፈበት ነገር አንድ ቀን ቢነሣስ? ለዚህ ጥያቄ ከጣና ዳርቻ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ እዚህ በደም ተጠይቆ ያውቃልና። (ከዚህ በታች የሚያገኟቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሡ ሲያዝዙ

ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ የአገሩን ቋንቋ ተማረ፣ የአገሩን ሰው አዳመጠ። አፄ ሱስንዮስ በ1607 ከነገሡ በኋላ ወዳጃቸው ሆነ። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጎርጎራ ላይ፣ ቤተ መንግሥት ሠራላቸው። በ1618 ከንጉሡ ጋር ሲጓዝ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ስለ እሱ ጻፈ። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ሞተ።

በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ ደንቀዝ ላይ ለሮማው ፖፕ ታዛዥ ለመሆን ማሉ። ከዚያ በኋላ አዋጅ በአዋጅ ላይ ተደራረበ። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ የተሾመው ቄስ እንደገና እንዲሾም፣ የተባረከው ቤተ ክርስቲያን እንደገና እንዲባረክ፣ በዓሉም በሮማ ሥርዓት እንዲከበር ታዘዘ። እስቲ ያስቡት። እናትዎ የተቀበሩበት፣ ልጅዎን ክርስትና ያስነሡበት ደብር እስከ ዛሬ እንዳልነበረ ሲቆጠር ምን ይሰማዎታል?

በእኛ ሙያ ደንበኛን ማሳመንና ደንበኛን ማስገደድ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ፓኤዝ የመጀመሪያውን ያውቅበት ነበር፤ ሜንዴዝ ሁለተኛውን መረጠ። (ሃይማኖትን በሽያጭ ቋንቋ መናገሬ ቅር ካሰኘዎ ይቅርታ፤ የሙያ ልማድ ነው። ደግሞም እንደሚያዩት በኋላ ይጠቅመናል።)

ውጤቱ ዓመፅ ሆነ። በየአውራጃው ገበሬው ተነሣ፤ ላስታ ላይ ደግሞ በረታ። በ1632 ወይና ደጋ በተባለው ቦታ የንጉሡ ጦር ድል አደረገ፤ ሜዳው ላይ የወደቁት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የገዛ አገራቸው ሰዎች ነበሩ። ሱስንዮስ ከዚህ ድል በኋላ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ። ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጥቂት ወራት ቆይተውም ዐረፉ።

የጴጥሮስ ልጅ

በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ሴት አለች። ስሟ ወለተ ጴጥሮስ፣ የጴጥሮስ ልጅ፣ ነው። ይህ ስም ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፔድሮ ማለትም ጴጥሮስ ነው፤ ንጉሡ የማሉለት ወንበርም የጴጥሮስ ወንበር ነው የሚባለው። ሁሉም ወገን ያን ዓሣ አጥማጅ ሐዋርያ የኔ ነው ይል ነበር።

የተወለደችው በ1592 ከትልቅ ቤተሰብ ነው። በልጅነቷ የሱስንዮስ የቅርብ ሰው ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሀብትና ክብር አልጎደላትም። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከገድሏ ነው። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672፣ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በግእዝ ጻፈው። በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በአሜሪካ ታትሟል። ገድሉ ስለ ልጆቿ የሚለው ነገር እናት የሆነችን አንባቢ ያስደነግጣል። በማኅፀኗ ያለው ልጅ እግዚአብሔርን የሚያስደስት የማይሆን ከሆነ እንዳይቆይላት ትጸልይ ነበር ይላል። እኔ ይህን ክፍል ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ። በኋላ ሳስበው፣ ሦስት ልጅ የቀበረች እናት፣ ወይም ስለ እሷ የሚጽፍ መነኩሴ፣ ያን ሐዘን የሚያስቀምጥበት ቃል ይፈልጋል። እኔ የማነበው እንዲህ አድርጌ ነው፤ ሌላው ሌላ ያነበዋል። ግልጽ የሆነው ነገር ይህ ነው፦ “አመንኩና ልጆቼ ተጠበቁልኝ” ለማለት አልታደለችም። እምነቷ የቆመው በልጆቿ ላይ ቢሆን ኖሮ ከሦስተኛው ጋር አብሮ በተቀበረ ነበር።

ቀጥሎ የተነሣው ትዳሯ ነው። ከቤቷ ጠፍታ ወደ ጣና ገዳማት ሄደች። ባሏ ጦር ይዞ ሲመጣባት ያስጠጓት ሰዎች በእሷ ምክንያት እንዳይጎዱ ብላ ተመለሰች። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ “ለእግዚአብሔር ብዬ” ብላ ሌላው በእሷ ፈንታ እንዲከፍል አላደረገችም። ከዚያ በ1617ቱ ጦርነት የተገደሉት የጳጳሱ የአቡነ ስምዖን ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን አወቀች። ከዚህ በኋላ አንድ ጣራ ሥር መኖር አልቻለችም፤ ሁለተኛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እኅተ ክርስቶስ የምትባል፣ እንደ እሷ ከትዳር የወጣች ሴት አገኘች፤ ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም።

አዋጁ ከወጣ በኋላ በንጉሡ ፊት ቀረበች። ዘመዶቿ ለሕይወቷ ፈርተው እንድትታዘዝ ለመኗት። እንቢ አለች። ሜንዴዝ ራሱ እንዲያስተምራት ተደረገ፤ እሱም አልሆነለትም። በመጨረሻም ወደ ምዕራቡ ቆላ፣ ዠበይ ወደሚባል አገር፣ ለሦስት ዓመት ያህል ተጋዘች። በረሃ ነው፤ ሰው ለመሞት የሚላክበት ቦታ። ተከታዮቿ ግን እዚያ ድረስ ፈልገዋት ሄዱ። በሕይወቷ ካቋቋመቻቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያው የተመሠረተው በዚያ በግዞት ምድር ነው።

ብቻዋን አልነበረችም። የኢየሱሳውያኑ ደብዳቤዎች ራሳቸው ስለ ቤተ መንግሥቱ ሴቶች ያማርራሉ፤ ባሎቻቸው ሲቀበሉ ሚስቶቻቸው አልቀበልም ይሉ ነበር። ባል ሹመት ነበረው፤ ሹመት ደግሞ የሚታጣ ነገር ነው። በዚያ ዘመን የወንዶቹ እምነት ከሹመታቸው ጋር ተቆራኝቶ ነበር ማለት ይቻላል። የሴቶቹ ያልተቆራኘው ደፋር ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም፤ ቀድሞውንም ዙፋኑ ለእነሱ የሰጣቸው ብዙ አልነበረም።

ዙፋን የለቀቁት ንጉሥ

እዚህ ላይ “ኦርቶዶክስ አሸነፈ፣ ካቶሊክ ተሸነፈ” ብዬ ብዘጋው ታሪኩን አበላሸዋለሁ። ሱስንዮስ ለሕዝባቸው የቀደመውን ሃይማኖት መለሱለት፤ ለራሳቸው ግን አልመለሱም። ኢየሱሳውያኑ እንደጻፉት ንጉሡ የሞቱት በካቶሊክ እምነታቸው ነው። ዙፋን የለም፣ ጦር የለም፣ ከሮማ የሚጠበቅ እርዳታ የለም። አዋጁ ሲነሣ ያልተነሣ ነገር በውስጣቸው ቀርቶ ነበር ማለት ነው። በጕልበት ያደረጉትን አልወድላቸውም፤ ይህን ግን አከብርላቸዋለሁ።

ፋሲለደስም በተራቸው ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። በ1638 አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ካፑቺን ካህናት ጎንደር ላይ ተሰቅለው ተገደሉ። እነሱም እንደ ወለተ ጴጥሮስ ካዱ ተብለው አልካዱም። አየዎት? ነጋሪቱ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ተመታ፤ በሁለቱም ወገን በነጋሪቱ ላይ ያልቆሙ ሰዎች ተገኙ። ደንቀዝ ላይ ከማሉት መኳንንት ብዙዎቹ ግን ነጋሪቱ ሲለወጥ አብረው ተለወጡ። አልፈርድባቸውም፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ነጋሪት ይሰማል። ብቻ ያን እምነት ብለን መጥራታችን ይከብደኛል።

እኛስ?

ዛሬ ሃይማኖታችንን የሚያውጅልን ንጉሥ የለም። በነጋሪቱ ቦታ ሌሎች ነገሮች ገብተዋል።

ቋንቋችን ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። “አመነ” ስንል ልብ መጣል ነው፤ “ጥፋቱን አመነ” ስንል ደግሞ እውነቱን መቀበል ነው። ከዚያው ሥር “ታማኝ” ይወጣል፤ “እምነት ማጉደል” የሚለው የፍርድ ቤት ቃልም ይወጣል። “አሜን” ሳይቀር የዚሁ ዘመድ ነው። እቁብ ሰብሳቢዋን “አምናታለሁ” ሲሉ ስለ እሷ አንድ ሐሳብ አለኝ ማለትዎ አይደለም፤ ገንዘብዎን እጇ ላይ አስቀምጠዋል ማለት ነው። በአማርኛ ማመን ራስን በሌላ ሰው እጅ ላይ ማስቀመጥ ነው። የክርስትና እምነትም፣ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም በሚስማሙበት መሠረቱ፣ በተወለደው፣ በተሰቀለውና በተነሣው በአንዱ በክርስቶስ ላይ ራስን መጣል ነው። ቀሪው ሁሉ፣ ጾሙም ስግደቱም መዝሙሩም፣ ከዚያ የሚወጣ ነው።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናምነው የሚሰጠንን ነው። እዚህ ላይ ነው ሙያዬ የሚያስፈልገው። ሁለት ዓይነት ደንበኞች አሉ። አንደኛው ቅናሽ ሲኖር ይመጣል፤ ቅናሹ ሲያልቅ ጎረቤት ሱቅ ያገኙታል። ሁለተኛው ቅናሽ ኖረም አልኖረም ይመጣል። ለመጀመሪያው የነጥብ ካርድ እንሠራለታለን፤ አሥር ጊዜ ሲገዛ አንድ ነጻ። ታማኝነት ብለን እንጠራዋለን እንጂ እውነቱን እናውቀዋለን፤ ሰውየው የሚወደው ነጥቡን ነው። አንዳንድ ጸሎቶቻችን የነጥብ ካርድ ይመስሉኛል። ቪዛው ከወጣ ይህን ያህል፣ ልጄ ካለፈች ያን ያህል።

ስለትን መንቀፌ አይደለም። ሐናም ተስላለች፤ ስለቷም ሰምሮ ሳሙኤልን ወልዳለች። ስለቷ ሰምሮ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ይዛ ስትገባ ደስታዋ ፊቷ ላይ የሚነበብ እናት ማየት ለእኔም ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ስለቷ ያልሰመረላት ናት። እሷ በዓሉ ላይ ዕልል አትልም፤ ወደ ኋላ ቆማ ነው የምታዩዋት። ምናልባት ይህን የሚያነቡት እርስዎ ነዎት።

ዘጌ ላይ፣ ከጀልባ ማረፊያው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የቡና ጫካ መንገድ፣ አንዲት እማሆይ ግንድ ላይ ዐርፈው አገኘኋቸው። ወገባቸውን ይዘው ነበር።

“እማሆይ፣ ያምዎታል እንዴ?” አልኳቸው።

“ምን ያላመመኝ አለ ልጄ! ትናንትም ሲያመኝ ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። ጸሎቴን ግን አድርሻለሁ።”

“ታዲያ ይሻልዎት ዘንድ አይለምኑትም?”

“እለምናለሁ እንጂ! ሃያ ዓመት ለመንኩት” ብለው ሳቁ። “አልተወኝም እኮ፤ ሕመሙም አልተወኝ፣ እሱም አልተወኝ። በይ አሁን ደግፊኝና ልነሣ።”

ደግፌ አነሣኋቸው። እንዲህ ዓይነቱን መልስ በማስታወቂያ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ ማንም አይገዛውም። ግን ሃያ ዓመት የቆየ ደንበኛ ማለት ይህ ነው።

“እምነትሽ ጎድሎ ነው”

በሐዘን ላይ ላለ ሰው ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ እንደዚህ የምጠላው የለም። ልጇ የታመመባትን እናት “ብታምኚ ኖሮ ይድን ነበር” ማለት በቁስል ላይ በርበሬ መነስነስ ነው። ደግሞም ከወንጌሉ ጋር አይገጥምም። በማርቆስ ወንጌል ልጁ የታመመበት አባት ወደ ኢየሱስ መጥቶ ያለችውን ጥቂት እምነት ይዞ፣ አለማመኑን ጭምር ሳይደብቅ፣ እርዳኝ ብሎ ይጮኻል። ልጁ ተፈወሰለት። ኢየሱስ የአባትየውን እምነት በሚዛን ላይ አስቀምጦ ጎድሏል አላለውም።

ይህ ስሕተት የሰው ሕይወት ሲያስከፍል አይተናል። ኤች አይ ቪ በየቤቱ በገባበት ዘመን ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደሌሎች ጸበሎች የሄዱ ብዙ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው ተብለው ክኒናቸውን ጣሉ። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸውና። ዛሬም የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ቤተሰብ ካለዎት ይህ የእርስዎ ጉዳይ ነው። ክኒኑን መጣል እምነትን አይጨምርም። መድኃኒቱ ከቆመ በሽታው ይነሣል፤ የሚያውቀው ሐኪም ሳይነገረው አይቋረጥም። ጸበሉንም ጸሎቱንም ይቀጥሉ።

ታዲያ እምነት ብዛቱ ካልሆነ ምንድን ነው? ጣና ላይ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። የደንገል ታንኳ አይተዋል? ሲያዩት እንኳን ሰው ድመት የሚችል አይመስልም። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህም ከሥራ በኋላ አቁመው ያደርቁታል። በዚህ ታንኳ ስንት ዘመን ሰውና እንጨት፣ ቡናና እህል ሲሻገር ኖሯል። እየተንቀጠቀጠ የተሳፈረውም እያንጎላጀ የተሳፈረውም እኩል ይደርሳሉ። የሚያደርሳቸው ታንኳው ነው፤ የልባቸው ጥንካሬ አይደለም። በተቃራኒውም፣ የተቀደደ ታንኳ ላይ በሙሉ ልብ የተሳፈረ ሰው በሙሉ ልቡ ይሰጥማል።

ያ ዓሣ አጥማጅ ጴጥሮስም ይህን በሌላ ሐይቅ ላይ ተምሮታል። ከታንኳው ወርዶ በውኃው ላይ መራመድ ጀመረ፤ ነፋሱን ሲያይ ፈርቶ መስጠም ያዘ። በዚያች ደቂቃ እምነቱ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ኢየሱስ ግን እጁን ዘርግቶ ያዘው። መጀመሪያ ያዘው፤ ተግሣጹ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ቅደም ተከተሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለልጆቼ የምነግራቸው ቀን ሲመጣም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምነግራቸው።

ስለ ልጆች ካነሣን፣ አንድ ነገር ልበል። “ከጸለይክ አንደኛ ትወጣለህ” ብለን የምናሳድገው ልጅ አምስተኛ የወጣ ዕለት ሁለት ነገር ነው የሚያጣው፤ ደረጃውንም አምላኩንም። ጸልዮ ያጠናው ልጅ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ምን እንደምንለው ቀድመን ብናስብበት ጥሩ ነው። ልጆች ከምንነግራቸው ይልቅ እኛ ያሰብነው ሳይሳካ ሲቀር የምንሆነውን ነው የሚያጠኑት። ሥራ ያጣን ሰሞን ቤት ውስጥ ጸሎቱ ቀጠለ ወይስ ቆመ? ያዩታል። ሙስሊም ከሆኑም ይህ ጥያቄ ለእርስዎ ቤት ባዕድ አይመስለኝም።

ቆራጣ

ወለተ ጴጥሮስ በ1642፣ በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረክባ እስከ 1649 መራችው። በ1650 አፄ ፋሲለደስ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ቆራጣ ላይ በስሟ ለሚጠራው ገዳም መሬት ሰጡ። ቦታው ከዚያ ወዲህ መማፀኛ ሆነ፤ የንጉሥ ቍጣ የሚያሳድደው ሰው ሸሽቶ እዚያ ከገባ አይነካም ነበር። የንጉሥን ትእዛዝ እንቢ ያለች ሴት ደጃፍ ላይ የንጉሥ ትእዛዝ ይቆም ነበር ማለት ነው። ፋሲለደስ ይህን ሲፈቅዱ አባታቸውን አስበው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ልጆችዎን ይዘው ሊያዩት ከፈለጉ በዓሏ ኅዳር 17 ነው። እነዚህ ዓመታት በክልላችን ለጉዞ የተመቹ አልነበሩም፤ የጀልባ ነጂዎቹም የዘጌ ሞሰብ ሸማኔዎችም ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱና ስለ ጀልባው የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ። ክብራን ገብርኤልን የመሰሉ አንዳንድ ደሴቶች ሴት አያስገቡም፤ በዘጌ ያሉት እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ግን ያስገባሉ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያነሣበት ጠዋት መነሣት ይሻላል። ነጠላ አይርሱ።